ዊንዶውስ በነጻ በሚገኝበት አገር ሊኑክስ ምን ይጨምራል?

በ2017 ዓ.ም ማብቂያና በ2018 ዓ.ም መባቻ፣ በአምስት ሳምንት ልዩነት ሁለት ነገሮች ሆኑ። ጳጉሜን 4 ቀን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የተገነባው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ተመረቀ። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ተቀምጦ፣ ከመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዝ እስከ ሊስትሮው የቀን ገቢ ድረስ በተዋጣ ገንዘብና በቦንድ ግዢ እየተደገፈ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ለምረቃ በቃ። ጥቅምት 4 ቀን ደግሞ ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። የመጀመሪያውን አገር በሙሉ ተቀበለው። ሁለተኛው ከኮምፒውተር ባለሙያዎች በስተቀር ብዙ ሰው ሳያየው አለፈ። ሆኖም ኤሌክትሪክ በደረሰበት ሁሉ ኮምፒውተር ይከተላል፤ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ፣ በጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሰካው ማሽን የሚነሳበት ሥርዓት የማን እንደሆነና ማን እንደሚጠግነው ግን እምብዛም አንጠይቅም። ምንጫቸው ክፍት የሆነ ነጻ ስርዓተ ክወናዎች፣ በተለይም ሊኑክስ፣ ለተራው ተጠቃሚ የንግዱን ሊተኩ ይችላሉ ወይ? መልሴ ለአብዛኛው ሰው አዎ ነው። ምክንያቴ ግን ብዙ ጊዜ ከሚነገረው የተለየ ነው፤ የዋጋ ጉዳይ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ስርዓተ ክወና ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው፣ የቁልፍ ሰሌዳውን፣ ስክሪኑን፣ ማተሚያውንና ሌሎቹን ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያስተዳድረው ዋና ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ የአንድ ኩባንያ ንብረት ነው፤ የተጻፈበት ኮድ የተቆለፈ ሲሆን ተጠቃሚው የሚገዛው በውሉ ልክ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ሊኑክስ ግን ማንም እንዲያየው፣ እንዲያባዛው፣ እንዲያሻሽለውና መልሶ እንዲያድለው በሕግ የተፈቀደ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ያወጀው ጂኤንዩ የተሰኘ ፕሮጀክት ሲሆን፣ በ1991 የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የሚባለውን አስኳል ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ለተራ ሰው የሚመች ኡቡንቱ የተባለ ዓይነት አስጀመረ፤ ኩባንያው ለዓመታት ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ዛሬ ለጀማሪ የሚመከረው ሊኑክስ ሚንትም ከኡቡንቱ የተወለደ ነው። ይህ የጥቂት ወዶ ገብ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በዓለም ያሉት 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በሙሉ በሊኑክስ ይሠራሉ፤ አስኳሉን ከሚጽፉት አብዛኞቹም በትልልቅ ኩባንያዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው ነው።

በሌላው ዓለም ስለ ሊኑክስ የሚጻፈው ሁሉ በዋጋ ይጀምራል። የዊንዶውስ 11 የቤት ፈቃድ በአሜሪካ 139 ዶላር ነው። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በነበረው የ140 ብር ምንዛሪ ብናሰላው 19,460 ብር ይሆናል። ለአንድ ጀማሪ መምህር ይህ ከአንድ ወር ደመወዝ በላይ ነው። ታዲያ ነጻውን ለምን አይወስድም? ምክንያቱም ይህን ገንዘብ የሚከፍል ሰው የለም። ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ወደ ጥገና ቤት ይወሰዳል፣ "ፎርማት" ይደረጋል፣ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ቁልፉ ያለ ክፍያ የተሰበረ፣ ዊንዶውስና ኦፊስ ይጫንበታል፣ የባለሙያው የእጅ ዋጋ ተከፍሎ ይወጣል። በእኛ ገበያ ዊንዶውስም እንደ ሊኑክስ ዋጋው ዜሮ ነው። ስለዚህ "ሊኑክስ ነጻ ነው" የሚለው ስብከት ኢትዮጵያ ውስጥ ጆሮ የሚያገኝበት ምክንያት የለም። የሊኑክስ ተፎካካሪ በሱቅ የተገዛው ዊንዶውስ ሳይሆን ክራክ የተደረገው ነው። ንጽጽሩም በእነዚህ በሁለቱ መካከል መሆን አለበት።

ያ ክራክ በእርግጥ ምን ያስከፍላል? መጀመሪያ የሚያስከፍለው ደኅንነትን ነው። "አክቲቬተር" የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ሥራውን ለመሥራት ብዙ ጊዜ ጸረ ቫይረሱ እንዲጠፋ ይጠይቃል፤ ማን እንደጻፈው ለማይታወቅ ፕሮግራም የቤቱ ቁልፍ በሙሉ ይሰጠዋል ማለት ነው። ቀጥሎም ክራኩ እንዳይነቃበት ተብሎ አፕዴቱ ይዘጋል። አፕዴት መዝጋት ምን እንደሚያመጣ ዓለም ግንቦት 2009 ዓ.ም ላይ አይቷል። ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በጥቂት ቀናት በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ቤዛ ሲጠይቅ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ታካሚ እስከመመለስ ደርሰው ነበር። ጥቃቱ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ደፍኖት ነበር፤ የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። ከዚያ ያነሰውንና በየዕለቱ የምናየውን ደግሞ የጽሑፍ ቤት ደንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፦ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ለማተም ይሄዳል፣ ፍላሹ ሲመለስለት ፋይሎቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ይህ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፤ ፍላሹ ሊኑክስ ላይ ሲሰካ አይነሳም፣ የተደበቁት ፋይሎችም ይታያሉ። የጽሑፍ ቤት ባለቤት ሊኑክስን ለመሞከር ሌላ ምክንያት ባይኖረው እንኳ ይህ አንዱ ይበቃዋል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ክፍያ ማሽኑ ራሱ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም ከጥቂቶች በስተቀር ስምንተኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ የወጣውን ብቻ ይቀበላል። ይህም በግምት እ.ኤ.አ. ከ2017 በኋላ የተመረተ ኮምፒውተር ማለት ነው። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ካሉት ማሽኖች፣ እንዲሁም ያገለገለ ሆኖ ከውጭ ከሚገባው ላፕቶፕ ይህን የማያሟላው ብዙ ነው። ብልሃተኛ ባለሙያ ገደቡን አልፎ ሊጭነው ይችላል፤ ግን ኩባንያው ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ሊኑክስ ሚንት በአንጻሩ በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፣ በ4 ደግሞ በምቾት ይሠራል። ኡቡንቱ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ለሚያወጣቸው እትሞች 5 ዓመት ሙሉ የደኅንነት ማሻሻያ በነጻ ይሰጣል፤ ከዚያም ወደ ቀጣዩ መሸጋገር ይቻላል። በውጭ ምንዛሪ የተገዛን ኮምፒውተር ሌላ አምስት ስድስት ዓመት ማሠራት ለደሃ አገር ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከፈቃዱ ዋጋ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኘው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ አሶሳ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በዋና ከተማው ፈጣን መስመር ላይ ተቀምጦ ማሻሻያ ማውረድ አንድ ነገር ነው፣ በካርድ በተሞላ የሞባይል ዳታ ማውረድ ሌላ። ሊኑክስ ሚንትን ማውረድ ወደ 3 ጊጋባይት ይፈጃል፤ ይህም ለአንድ ግለሰብ ውድ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ምንም የሕግ ጥያቄ ለሺህ ሰው ይባዛል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሰርቨር አዘጋጅቶ ስርዓቱን፣ ፕሮግራሞቹንና ማሻሻያዎቻቸውን በየጊዜው ቢያወርድ፣ የክልሉ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ኢንተርኔት ሳይነኩ በፍላሽ ወይም በአካባቢ ኔትወርክ ሊወስዱት ይችላሉ። ዴቢያን የተባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነትና ኡቡንቱ ገና ሲሠሩ እንዲህ ያለውን የተባዛ ማከማቻ ታሳቢ አድርገው ነው። የተሰረቀውን ዊንዶውስ በፍላሽ ማባዛት የለመደ ሕዝብ ይህን ለመልመድ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ልዩነቱ ይኸኛው ሕጋዊና ከቫይረስ የጸዳ መሆኑ ነው።

ሕጉንም ካነሣን አይቀር፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች አንዱ አድርጎ ይዘረዝራል። እስከ ዛሬ በየቢሮው እየዞረ ፈቃድ የሚጠይቅ ስላልነበረ ሕጉ ተረስቷል። ሆኖም ኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ጠይቃለች፤ የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነትም የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ይጠብቃል። በሩ ሲከፈት የሚገባው ነገር ሁሉ ጥቅም ብቻ አይሆንም። በሺህ የሚቆጠር ማሽን በክራክ የሚያንቀሳቅስ መሥሪያ ቤት ያን ጊዜ በአንድ በጀት ዓመት ሁሉንም መግዛት አይችልም፤ አማራጩን አስቀድሞ ያልተለማመደም በችኮላ አይለምደውም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፤ ተራው ተጠቃሚ በኮምፒውተር ምን ይሠራል? ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሠንጠረዥ ይሞላል፣ ፒዲኤፍ ያነባል፣ ያትማል፣ ፊልምና መዝሙር ይከፍታል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብራውዘር ከፍቶ ይውላል። እነዚህን ሁሉ ሊኑክስ ከመጀመሪያው ቀን ይሠራቸዋል። ሊብረኦፊስ የተባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፤ ክሮምና ፋየርፎክስም እዚያ ያሉት ራሳቸው ናቸው። የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ብራውዘር በሄዱ ቁጥር ከሥር ያለው ስርዓተ ክወና ምንም ይሁን ምን ልዩነቱ እየጠበበ ነው። ልብ የማንለው ነገር ደግሞ ትልልቆቹ አገልግሎቶቻችን ራሳቸው ምንጩ ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ላይ መቆማቸው ነው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ባንጋሎር በሚገኝ የህንድ የቴክኖሎጂ ተቋም በተወጠነ ክፍት መድረክ ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ የጤና ተቋማትን ሪፖርት በመላ አገሪቱ የሚሰበስበው በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ዲኤችአይኤስ 2 ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ዲስፔስ በተባለ ነጻ ፕሮግራም ይሠራል። የዜጎችን ማንነትና የሕዝብን ጤና መረጃ በአደራ የሰጠነውን የሶፍትዌር ዓይነት ለጸሐፊዋ ዴስክ "አይታመንም" ማለት እርስ በርሱ ይጋጫል።

"ሕዝቡ የሚጠቀመው በስልክ ነው፣ ስለ ኮምፒውተር ምን አስጨነቀን?" የሚል አለ። እውነት ነው፤ የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያ ኮምፒውተር አንድሮይድ ስልኩ ነው፤ አንድሮይድም የሚቆመው በሊኑክስ አስኳል ላይ ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ለተራ ሰው ይከብዳል የሚለው ክርክር በሚሊዮን ኪሶች ውስጥ ፈርሷል። ሆኖም ስልኩ ማስጠንቀቂያም ነው። የአንድሮይድ መሠረት ክፍት ቢሆንም፣ የመተግበሪያ መደብሩና ካርታው የጉግል ንብረት ናቸው። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት እነዚህን ሲነጠቅ ክፍቱ ክፍል ብቻውን ገበያውን አላቆየለትም። ነጻ ሶፍትዌር ስለወሰዱ ብቻ ነጻ አይኮንም፤ ዙሪያውን ማን እንደያዘውም መታየት አለበት።

እንግዲህ እንቅፋቶቹን በቅንነት እንያቸው፤ ትልቁ የራሳችን ፊደል በኮምፒውተር ያለፈበት ታሪክ ነው። ግዕዝ የዓለም ፊደሎች ለኮምፒውተር በሚመዘገቡበት በዩኒኮድ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዊንዶውስ ደግሞ ፊደላችንን ከነቅርጹ ይዞ የመጣው በ2007 ለገበያ በቀረበው ቪስታ ነው። ከዚያ በፊት ሥራ መቆም ስላልነበረበት እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተባሉ መተየቢያ ፕሮግራሞች በአገር ልጆች ብልሃት ተሠርተው አገሪቱን አጻፉ። ብልሃቱ የላቲን ፊደል በተመደበበት ቦታ የግዕዝ ቅርጽ ማስቀመጥ ነበር። ውለታቸው ትልቅ ነው፤ ዕዳቸውም እንዲሁ። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ፋይሉ ሲከፈት ደብዳቤው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ይሆናል። ዛሬም በየቢሮው የተቀመጠው ማኅደር፣ ውልና ቃለ ጉባኤ ትልቅ ክፍሉ በዚህ ዓይነት የተጻፈ ነው። አንድ ጸሐፊ ሊኑክስን ሞክራ "አማርኛ አያነብም" ብላ ስትመልሰው የምትወቅሰው የተሳሳተውን ነው፤ ስርዓቱ አማርኛን ያነባል፣ ፋይሉ ግን ለኮምፒውተሩ አማርኛ አይደለም። ያው ፋይል ፎንቱ ያልተጫነበት አዲስ ዊንዶውስ ላይም፣ በስልክም፣ በኢሜይልም አይነበብም፤ በፍለጋም አይገኝም። ስለዚህ ማኅደሩን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ሊኑክስን ቢመርጡም ባይመርጡም የማይቀር ሥራ ነው። በነጻው ዓለም ደግሞ አማርኛ የቆየ ቤተኛ ነው። በግዕዝ ፊደል ኮምፒውተራዊነት ላይ ብዙ የደከመው ዳንኤል ያዕቆብ የጻፈው የአማርኛ መተየቢያ ጂቲኬ በተባለው የሊኑክስ መሣሪያ ውስጥ የገባው ከቪስታ ዓመታት ቀድሞ ነበር፤ አቢሲኒካ የተባለው መልካም ፎንትም በነጻ ፈቃድ የሚታደል ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የሙያ ፕሮግራሞች ናቸው፤ እዚህ ላይ የሊኑክስ ወዳጆች ብዙ ጊዜ ይዋሻሉ። የኢትዮጵያ ሒሳብ ሠራተኛ የሚማረውም የሚቀጠረውም በፒችትሪ ነው፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የመሐንዲሱ አውቶካድና ኢታብስ፣ የግራፊክስ ባለሙያው ፎቶሾፕና ኢንዲዛይንም ለሊኑክስ አልተሠሩም። ዋይን የተባለው መሣሪያ አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ያስነሳል፤ ግን የድርጅትን ሒሳብ "አንዳንዴ በሚነሳ" ነገር ላይ መጣል ኃላፊነት የጎደለው ነው። እንዲህ ላለው ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ ዊንዶውስህን ይዘህ ቆይ፣ ከቻልክ ፈቃዱን ግዛ። ማክሮ የበዛበት የኤክሴል ፋይልም ሊብረኦፊስ ላይ ይሰናከላል፤ በዎርድ የተዋበ ደብዳቤ መስመሩ ሊዛባ ይችላል። ሆኖም በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስንቱ ሠራተኛ ነው ፒችትሪ የሚከፍተው? ሁለት የሒሳብ ሠራተኛ ስላለ ብቻ ሌሎቹ ሃያ ሠራተኞች ቫይረስ ባደረበት ማሽን መሥራታቸው የግድ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቀን ወይም ምንም የሚለው አስተሳሰብ ነው ነገሩን የሚያበላሸው።

ተቃዋሚዎች ሁልጊዜ የሚጠሩት የጀርመኗን ሙኒክ ነው። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ወስኖ፣ በ2013 ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮችን ወደ ሊኑክስ አዙሮ፣ በ2017 ደግሞ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ። "አያችሁ፣ ጀርመን እንኳ አቃታት" ይባላል። ነገር ግን ከተማዋ ያስጠናችው ጥናት ዋናውን ችግር ያገኘው በራሷ የአይቲ አደረጃጀት ላይ ነበር፤ ከፖለቲካ መሪ ለውጥ ጋርም ውሳኔው ተለወጠ። ከሙኒክ ጎን የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ መቀመጥ አለበት። ይህ የፖሊስ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2005 በመጀመሪያ የቢሮ ፕሮግራሙን ኦፕንኦፊስ ወደተባለው ነጻ ፕሮግራም ቀየረ፤ ቀጥሎ ብራውዘሩንና ኢሜይሉን፤ ሠራተኛው እነዚህን ከለመደ በኋላ በ2008 ስርዓተ ክወናውን ወደ ኡቡንቱ ማዞር ጀመረ። ዛሬ ወደ 100,000 የሚጠጋ ኮምፒውተሩ በዚሁ ይሠራል። ሠራተኛው ከሥር ያለው ሲቀየር ብዙም አልተደናገጠም፤ በየቀኑ የሚከፍታቸው ፕሮግራሞች ያው ነበሩና። የህንዷ ኬረላ ግዛት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ለእኛ ትቀርባለች። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቿን የኮምፒውተር ትምህርት በነጻ ሶፍትዌር አድርጋ፣ ስርዓቱን በራሷ ቋንቋ በማላያላም አዘጋጅታ፣ ከምንም በፊት መምህራኑን አሠልጥናለች። ለውጡ የሠመረላቸው ቦታዎች ቅደም ተከተሉን የጠበቁት ናቸው።

ቅደም ተከተሉ ሲሳትስ? መልሱ አገራችን ውስጥ አለ። በ2000 ዓ.ም አካባቢ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ወደ 5,000 የሚጠጉ "ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" ማሽኖች ለአዲስ አበባና ለገጠር ትምህርት ቤቶች ታደሉ። ማሽኖቹ በሊኑክስ የሚሠሩ ነበሩ፤ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ልጆቹ ወደዷቸው። መምህራኑ ግን በቂ ሥልጠና አላገኙም፤ ሥርዓተ ትምህርቱም ለማሽኑ ቦታ አልነበረውም፤ ላፕቶፑ በክፍል ውስጥ እንደ መጫወቻ ታየና ነገሩ ቀዘቀዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ "ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" የተባለው ድርጅት ራሱ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች የአንድሮይድ ታብሌቶችን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2012 የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በወራት ውስጥ የተዘጋባቸውን ካሜራ ራሳቸው መክፈት ችለው ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው ሥርዓቱ ለሰው መክበዱ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው። የጎደለው የሠለጠነ መምህርና አብሮ የሚሄድ ትምህርት ነበር።

"የሚጠግነው የለም" የሚለው ስጋትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ጥገና ቤቱ ዊንዶውስ ብቻ የሚጭነው ደንበኛው ስለሚጠይቀው ነው፤ ደንበኛው የሚጠይቀው በትምህርት ቤት ያየው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። ቀለበቱ የሚበጠሰው በትምህርት ቤት በኩል ነው። በዓለም ላይ ከዴስክቶፕ ተጠቃሚው በሊኑክስ የሚሠራው ከመቶ አራት ገደማ ብቻ መሆኑም ከጥራቱ ይልቅ ይህንኑ ያሳያል፤ ሰው በአብዛኛው ከማሽኑ ጋር የመጣለትን ይጠቀማል እንጂ ስርዓተ ክወና መርጦ አያውቅም።

ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ቋንቋ ይመስለኛል። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ነበር፤ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የትኛውም ኩባንያ ገዢው በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ቋንቋ ፕሮግራሙን አይተረጉምም፤ ስሌቱ አያዋጣውም። በነጻ ሶፍትዌር ግን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ጥቂት የቋንቋው ተናጋሪዎች ቁጭ ብለው ሊሠሩት ይችላሉ። ይህ ምኞት አይደለም፤ ሊብረኦፊስ ዛሬ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሲዳምኛ ገጽታ ይገኛል። የሲዳማ ተናጋሪ የቢሮ ፕሮግራም በቋንቋው ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የጉሙዝኛና የበርትኛ እስካሁን የለም። ግድቡ በሚገኝበት በጉባ የሚማር የጉሙዝ ልጅ ኮምፒውተርን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያይበት መንገድ ቢኖር ግን ይህ ብቻ ነው፤ ሥራውን ሊያስተባብር የሚችለውም የክልሉ ትምህርት ቢሮና አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል፦ ክፍት የሆነ ነገር ለሌባም ክፍት አይሆንም ወይ? እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ላይ ኤክስዜድ በተባለ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ለዓመታት ታማኝ ተባባሪ መስሎ ቆይቶ ምስጢራዊ በር ሲያስገባ ተገኘ። ቢዘገይ ኖሮ በዓለም ያሉ ሰርቨሮችን ባጋለጠ ነበር። ይህን መደበቅ አይገባም፤ የክፍት ሶፍትዌር ዓለም በጥቂት የደከሙ ሰዎች ጫንቃ ላይ የሚቆምበት ቦታ አለው። ነገር ግን ያን በር ያገኘው አንድ መሐንዲስ አንድ ነገር ከወትሮው በግማሽ ሴኮንድ ሲዘገይበት ተጠራጥሮ ኮዱን ከፍቶ ስላየ ነው፤ የሚገርመው የማይክሮሶፍት ሠራተኛ መሆኑ ነው። በተቆለፈ ፕሮግራም ውስጥ እንዲህ ሊያደርግ የሚችለው የኩባንያው ሰው ብቻ ነው። የተቆለፈው ሌላም አደጋ አለው። ሐምሌ 2017 ዓ.ም ማይክሮሶፍት የአውሮፓ ኅብረት ማዕቀብን ምክንያት አድርጎ ናያራ ኢነርጂ የተባለውን የህንድ የነዳጅ ማጣሪያ ኩባንያ ከኢሜይሉና ከሌሎች የከፈለባቸው አገልግሎቶች ለቀናት አቋርጦት ነበር፤ ኩባንያው ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የህዳሴ ግድብ በዋናነት በአገር ውስጥ ገንዘብ የተገነባው ዓለም አቀፍ አበዳሪዎች ፊታቸውን ስላዞሩበት ነው። ያንን የምታስታውስ አገር፣ መብራቱን ከራሷ ወንዝ አውጥታ ቢሮዋን ግን በሌላ ሰው ፈቃድ፣ ያውም ባልከፈለችበት ፈቃድ ላይ ማቆሟ ሊያሳስባት ይገባል። ሊኑክስ የኢትዮጵያ አይደለም፤ በእጃችን ያለውን ቅጂ ግን ማንም በርቀት ሊዘጋብን አይችልም።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ከባድ አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ከዛሬ ጀምሮ አማርኛን በዩኒኮድ ብቻ ይጻፉ፤ ለሕዝብ የሚሰጥ ሰነድም በማንኛውም ስርዓት በሚከፈት ዓይነት ይውጣ። ቀጥሎ ሊብረኦፊስን ባሉበት ዊንዶውስ ላይ ይጫኑትና ሠራተኛው ይልመደው። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ የክልሉን የኮምፒውተር መምህራን በእረፍት ወራት ያሠልጥን፤ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው አሮጌ ማሽኖችም ሳይጣሉ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ በሊኑክስ ይታደሱ። አንባቢም የራሱን መሞከር ይችላል። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ሚንትን ማስቀመጥና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሣት ብቻ ነው፤ ዲስኩ ሳይነካ ሥርዓቱ በሙሉ ይታያል፣ ማተሚያው፣ ዋይፋዩና አማርኛው መሥራት አለመሥራቱም ይፈተሻል። ካልተመቸ ፍላሹን መንቀል ነው። ከተመቸ ግን ከመጫንዎ በፊት ፋይሎችዎን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ ላፕቶፑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲንቀራፈፍም ለጥገና ባለሙያው "ክራኩን ተወው፣ ሊኑክስ ጫንልኝ" ይበሉት።